አሞርዛተር ከመግዛታችሁ በፊት፦ ያ «ቋ ቋ» ከየት ነው የሚመጣው?

ኮብልስቶን ላይ ስትገቡ ከፊት ጎማ አካባቢ «ቋ ቋ» የምትል አሮጌ መኪና ካለቻችሁ ጋራዥ ስትደርሱ የምትሰሙት መልስ ብዙ ጊዜ ያው ነው፦ «አሞርዛተሩ አልቋል፣ ሁለቱም ይቀየር።» ልክ ሊሆን ይችላል። ግን ማን ፈትሾ አየው?

ኢኮኖሚክስ ስማር በጣም የወደድኩት የጆርጅ አከርሎፍን ጽሑፍ ነው። በ1970 እ.ኤ.አ. የወጣ ሲሆን ሰውየው በ2001 ኖቤል ተሸልሟል። ምሳሌው ያገለገለ መኪና ነው፤ ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው ካላወቀ ገበያው ራሱ ይበላሻል ይላል። ጋራዥ ውስጥም ነገሩ ይኸው ነው። መካኒኩ ክፉ ሰው ባይሆን እንኳ የግምቱን ዋጋ የምንከፍለው እኛ ነን።

አጎቴ የሜትር ታክሲ ሥራ የሚሠራባት አሮጌ ኮሮላ አለችው። አንድ ጋራዥ ሁለቱን የፊት አሞርዛተር አስቀየረው፤ የሁለት ሳምንት ገቢው በአንድ ቀን ሄደ። ድምፁ ግን አብሮት ቤት ገባ። በኋላ በደንብ ሲፈተሽ ጥፋተኛው የስታቢላይዘር ሊንክ ሆኖ ተገኘ። ከአሞርዛተር በብዙ የሚረክስ ትንሽ ዘንግ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ድምፁ መቼ እንደሚመጣ ለዩ። በቀስታ እየነዳችሁ ትንንሽ ጉብታ ላይ ቶሎ ቶሎ ካንኳኳ ሊንኩን ወይም የስታቢላይዘሩን ጎሚኒ ጠርጥሩ። ፍሬን ስትይዙ ወይም ስትነሱ አንዴ «ዷ» ካለ የብራቾ ጎሚኒ ሊሆን ይችላል። መኪናው ቆሞ መሪ ስታዞሩ ከላይ በኩል ካንኳኳ የአሞርዛተሩ የላይኛው መቀመጫ ይታይ። እየሄዳችሁ ስትታጠፉ ተከታታይ «ቀጭ ቀጭ» ካለ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፤ ሲቪ ጆይንቱ ነው የሚፈተሸው።

ከዚያ በነፃ የሚሠራውን ሞክሩ። ኮፈን ውስጥ ያለውን ክሪክና ትርፍ ጎማ አውጥታችሁ ንዱ፤ አንዳንዴ የሚያንኳኳው እሱ ነው። የመኪናውን አንድ ጥግ ወደ ታች ተጭናችሁ ልቀቁት፤ አንዴ ተነስቶ ከረጋ ደህና ነው፣ ደጋግሞ ከዘለለ ወይም አሞርዛተሩ ዘይት ካፈሰሰ ያኔ ይቀየር።

ቀጥሎ ጎማው በክሪክ ይነሳ፤ ከሥሩም ጠንካራ መደገፊያ ይግባ። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር ማንም እንዳይገባ! ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ወዝውዙት፤ ከተጫወተ ቦል ጆይንት ወይም ኩሽኔታ ነው። ከግራና ከቀኝ ይዛችሁ ከተጫወተ የመሪ ቴስቲና ሊሆን ይችላል። ሊንኩ ግን ሁለቱም ጎማ መሬት ላይ እያለ ነው የሚነቀነቀው። አንዱ ጎማ ብቻ ከተነሳ ስታቢላይዘሩ ስለሚወጠር የላላው ሊንክ ጠንካራ መስሎ ይታያል። ብዙ ሰው የሚያልፈው እዚህ ጋ ነው።

የሊንክ ድምፅ ያናድዳል እንጂ ጥቂት ቀን ቢቆይ መኪናዋ ትሄዳለች። ቦል ጆይንት ግን ቀልድ የለውም። ከቦታው ከወጣ ጎማው ይታጠፋል፣ መሪውም አይታዘዝም። የላላ ቦል ጆይንት ካገኛችሁ መኪናዋን አቁሙ፤ ነገ ይደርሳል የሚባል ነገር አይደለም።

ጋራዥ ስትሄዱም «ድምፅ አለው» ብላችሁ ቁልፍ አታስረክቡ። «በቀስታ ስነዳ፣ ከቀኝ ፊት፣ ፍሬን ሳልይዝ ያንኳኳል» በሉ። ከዚያ «ወንድሜ፣ የላላውን በእጅህ እየነቀነቅክ አሳየኝ» በሉት። ጎበዝ መካኒክ በዚህ አይቀየምም፤ እንዲያውም ሥራው ይቀልለታል። ሶማሌ ተራ ዕቃ ፍለጋ የሚኬደው ከዚያ በኋላ ነው።