ናማትጂራ፦ ሥዕሉ ሲሸጥ ገንዘቡ ወዴት ይሄዳል?

የአውስትራሊያ አጫራቾች የአልበርት ናማትጂራን የውሃ ቀለም ሥዕሎች አዘውትረው ለሽያጭ ያቀርባሉ። ከፊት ነጭ ግንድ ያለው ዛፍ፣ ከኋላ ሐምራዊ ተራራ፣ መሐል ላይ ፀሐይ ያቃጠለው ቀይ መሬት። ዛፉ የባሕር ዛፍ ቅርብ ዘመድ ስለሆነ የኛ ሰው ዓይን ቶሎ ይለምደዋል።

ናማትጂራ በ1902 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በመካከለኛው አውስትራሊያ በረሃ፣ በሄርማንስበርግ የሉተራን ሚሲዮን ተወለደ። ወገኑ አራንዳ የተባለው ነባር ሕዝብ ነው። በ1936 ሬክስ ባተርቢ የተባለ ሠዓሊ ወደ አካባቢው ሲመጣ ናማትጂራ ግመል እየመራ አገሩን አዞረው፤ በለውጡም የውሃ ቀለም አያያዝ ተማረ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሜልቦርን ላይ ባሳየው የመጀመሪያ ዐውደ ርእይ 41 ሥዕሎቹ ተሸጠው አለቁ።

ከተሜ ሐያሲያን ግን ሥራውን የፈረንጅ አሣሣል ቅጂ አድርገው ለረጅም ጊዜ ናቁት። እኔ እንደሚመስለኝ ተራራውን እንጂ ባለ ተራራውን አላዩም። ናማትጂራ የሚሥለው የአባቶቹን ርስት ነበር፤ እያንዳንዱ ገደል ለአራንዳዎች ስምና ታሪክ አለው።

ገንዘብ መጣ፤ መብት ግን አልተከተለውም። መንግሥት ግብር እያስከፈለው፣ የከብት ግጦሽ መሬት ልከራይ ሲል ከለከለው፤ አሊስ ስፕሪንግስ ከተማ ቤት ልሥራ ሲልም እንቢ አለው። በ1957 እሱና ሚስቱ ከመንግሥት ሞግዚትነት ወጥተው እንደ ዜጋ ሲቆጠሩ ልጆቻቸውና ዘመዶቻቸው ባሉበት ቀሩ። በአራንዳ ደንብ ያለው ለሌለው ያካፍላል፤ በሕጉ ግን በሞግዚትነት ሥር ላለ ዘመድ መጠጥ ማካፈል ወንጀል ነበር። በዚሁ ተከሶ በ1958 ተፈረደበት። በቀጣዩ ዓመት፣ ነሐሴ ላይ ሞተ።

እዚህ ላይ ሥዕሉንና የሥዕሉን ቅጂ መለየት ያስፈልጋል። ሥዕሉን የገዛ ሰው ወረቀቱን ይወስዳል፤ የማባዛት መብቱ ግን የሠዓሊው ነው። ናማትጂራ በ1957 ሌጀንድ ፕሬስ ከተባለ አሳታሚ ጋር ድርሻ የሚያስገኝለት ውል ገባ። ቅጂዎቹም በብዙ አውስትራሊያውያን ሳሎን ተሰቀሉ። በ1983 ግን ውርሱን የሚያስተዳድረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቤተሰቡን ሳያማክር የቅጂ መብቱን ለዚያው አሳታሚ በ8,500 ዶላር ሸጠው። በ2017፣ ከብዙ ውትወታ በኋላ፣ መብቱ በ1 ዶላር ለቤተሰቡ ባለአደራ ድርጅት ተመለሰ፤ ዲክ ስሚዝ የተባለው ነጋዴም ለድርጅቱ 250,000 ዶላር ለገሰ።

የጨረታው ገንዘብ ሌላ መንገድ አለው። ገዢው ካሸነፈበት ዋጋ በላይ ለአጫራቹ ኮሚሽን ይከፍላል፤ የቀረው፣ ከሻጩ ላይ የሚቆረጠው ተቆርጦ፣ ለሻጩ ነው። ዋጋውን ከሚወስኑት አንዱ የቀለሙ ጤና ነው፤ የውሃ ቀለም ብርሃን ስለሚያደበዝዘው፣ መስኮት ፊት ለዓመታት የተሰቀለ ሥዕል ሰማዩ ገርጥቶ ዋጋው ይወርዳል። ሥዕሉ በማን በማን እጅ እንዳለፈ የሚያሳይ ማስረጃም ይጠየቃል። ለሠዓሊው ቤተሰብ ድርሻ የሚያስብ ሕግ የመጣው በ2010 ነው፤ 1,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሚያወጣ ዳግም ሽያጭ 5 በመቶው ለሠዓሊው ወይም ለወራሾቹ ይሁን ይላል። ቀዳዳ ግን አለው። ሕጉ ከመውጣቱ በፊት ሥዕሉን የያዘ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሸጠው ምንም አይከፍልም። ከ1959 በፊት ተሥለው በየቤቱ ለተቀመጡ ሥዕሎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የቅጂ መብቱም ሆነ የዳግም ሽያጩ ድርሻ ሠዓሊው ከሞተበት ዓመት ማብቂያ አንሥቶ 70 ዓመት ይጸናል። የናማትጂራ በ2029 መጨረሻ ያበቃል። የቅጂ መብቱ ከነዚያ 70 ዓመታት 34ቱን ያሳለፈው ከቤተሰቡ ተነጥቆ በአሳታሚው እጅ ነው።