የቡናን ፍሬ የሚያደርቀው ፈንገስ ሥራውን መቼ እንደሚጀምር በብርሃን ስለ መመርመር

ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በሰርቦና በዙሪያዋ ባሉት ቀበሌዎች፣ ባለ ቡናው በአረንጓዴው ፍሬ ላይ ጥቁር ነጥብ ያየ እንደ ሆነ በሽታው ያን ቀን የገባ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ነጥቡ ለዓይን ከመታየቱ አስቀድሞ ፈንገሱ ልጣጩን ሰብሮ ገብቷልና።

የቡና ፍሬ አድርቅ የሚባለው ይህ በሽታ በ1922 በኬንያ ታየ፤ በኢትዮጵያ መኖሩ የታወቀው በ1971 ነው (ዘመኑ ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ነው)። አምጪው ኮሌቶትሪኩም ካሃዌ የተባለ ፈንገስ ነው። ዘሩ በዝናብ ነጠብጣብ ከፍሬ ወደ ፍሬ ይዛመታል፤ ደጋማና እርጥበት የበዛበት ስፍራም ይስማማዋል። እርጥብ ፍሬ ላይ ያረፈው ዘር ይበቅላል፤ በቡቃያው ጫፍም ጥቁር እብጠት ሠርቶ ልጣጩ ላይ ይጣበቅና ከሥሩ ይበሳል። ይህን ሁሉ በማይክሮስኮፕ ማየት ይቻላል። ይሁን እንጂ ማይክሮስኮፕ ብቻውን የፈንገሱን መልክ እንጂ በውስጡ የትኛው ጂን በሥራ ላይ እንዳለ አያሳይም።

መፍትሔው ከባሕር ተገኘ። ኦሳሙ ሺሞሙራ ከባልደረቦቹ ጋር ጄሊፊሽ በሚባል አጥንት የሌለው የባሕር ፍጥረት ውስጥ ያለውንና ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍበት አረንጓዴ የሚያበራውን ፕሮቲን በ1962 ገለጠ። በ1994 ማርቲን ቻልፊ የዚህ ፕሮቲን ጂን ወደ ሌላ ፍጥረት ቢገባም እንደሚያበራ አስረዳ፤ ሁለቱም ከሮጀር ቺየን ጋር በ2008 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ብልሃቱ እንዲህ ነው። በእያንዳንዱ ጂን ፊት ሥራውን መቼ እንዲጀምር የሚያዝ ክፍል አለ። ሊቃውንቱ ይህን አዛዥ ክፍል ቀድተው ከሚያበራው ጂን ጋር ይቀጥሉትና በፈንገሱ ውስጥ ያኖሩታል። ከግቢው ትእዛዝ በወጣ ቁጥር በደጁ ፋኖስ እንዲበራ እንደ ማድረግ ነው፤ ትእዛዙን ያልሰማ ሰው ፋኖሱን አይቶ ያውቃል።

በፈረንሳይ አገር በቱሉዝ በርናር ዱማና ባልደረቦቹ በ1999 ያወጡት ሥራ ለቡና አገር ቅርብ ነው። የመረመሩት ፈንገስ የቡናው ፈንገስ ዘመድ፣ ቦሎቄን የሚያጠቃው ኮሌቶትሪኩም ሊንደሙቲያኑም ነው። የተከተሉትም የተክልን ሕዋሳት እርስ በርስ የሚያጣብቀውን ፔክቲን የሚያሟሟ ኢንዛይም የሚያሠራውን ጂን ነበር። ብርሃኑ የታየው ተክሉ ከታመመ በኋላ አይደለም፤ ዘሩ ገና ሲበቅልና እብጠቱን ሲሠራ ነው። ከተክሉ ውጭ በቤተ ሙከራ ሲያበቅሉትም እንዲሁ በራ። እንግዲህ ይህ ፈንገስ መሣሪያውን የሚስለው ከደጅ ሳለ ነው ማለት ይቻላል።

በቦሎቄ የታየው ሁሉ በቡና እንዲሁ ነው ብሎ መቍረጥ ግን አይገባም፤ እያንዳንዱ ፈንገስ ለብቻው ሊጠየቅ ይገባዋል። ደግሞም ፋኖሱ ቶሎ አይጠፋም፤ ጂኑ ሥራውን ካቆመ በኋላ ፕሮቲኑ ሲያበራ ይቆያል። የተክሉ አረንጓዴ ቀለምም በራሱ ቀይ ብርሃን ስለሚሰጥ፣ ያልተለማመደ ዓይን ይሳሳታል።

ለየወረዳው የእርሻ ሹማምንት የሚጠቅመው የጊዜው ነገር ነው። የመዳብ መድኃኒት ዘሩ ሳይገባ ይከላከላል እንጂ የገባውን አያድንም፤ ስለዚህ ነጥቡን አይቶ መርጨት ገንዘብ ማባከን ነው። ፍሬው እጅግ የሚጠቃው አበባው ከረገፈ በኋላ በሚፋፋባቸው ሳምንታት ነውና ቀኑ የሚቈጠረው ከአበባው ነው። መድኃኒቱን ለመግዛት አቅም ለሌለው ባለ ማሳ ግን የተሻለው በመልኮ ያለው የጅማ እርሻ ምርምር ማእከል የመረጣቸው፣ በሽታውን የሚቋቋሙት 74110ና 74112 የመሳሰሉት ዝርያዎች ናቸው፤ በቁጥሩ መጀመሪያ ያለው 74 የተመረጡበትን ዘመን ያመለክታል። በአሮጌው ቡና ላይ ደርቆ የቀረው ጥቁር ፍሬም ዝናብ ሳይጀምር ከቅርንጫፉ ተለቅሞ ከማሳው ይውጣ።