ያዩትን የጻፉ ሁለት ነርሶች

ሐኪም ቤት የተኛ ሰው ዶክተሩን በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ያያል። ነርሷ ግን ቀንም ሌሊትም ከአጠገቡ አትርቅም። ትኩሳቱን የምትለካ፣ መርፌውን የምትወጋ፣ ቁስሉን የምትጠርግ እሷ ናት። ስለዚህ አንድ ነገር ሲበላሽ ብዙ ጊዜ ቀድማ የምታየው እሷ ናት።

ታዲያ ዶክተሩ ያዘዘው ነገር ሕመምተኛውን የሚጎዳ ከመሰላት ምን ታድርግ? «እሱ ከእኔ የበለጠ ተምሯል፤ እኔ ምን አገባኝ» ብላ ዝም ትበል? በዚህ ሳምንት የምናነበው ስለዚህ ነገር ነው።

መጀመሪያ ዶክተሩን ራሱን ትጠይቅ። ይህ ድፍረት አይደለም። «ዶክተር፣ መድኃኒቱ ለዚህ ልጅ የበዛ መሰለኝ። ኪሎው 10 ብቻ ነው። እስቲ አብረን እንየው» ትበለው። ዶክተሩ ትክክል ከሆነ ምክንያቱን ይነግራታል፤ እሷም ትማራለች። ተሳስቶ ከሆነ ያርማል፤ ልጁም ይተርፋል።

ካልሰማት ደግማ ትናገር። አሁንም ካልሰማት መድኃኒቱን ሳትሰጥ ወዲያው ለነርሶች ኃላፊ ትንገር። ነገሩ ለሐኪም ቤቱ አስተዳዳሪ ይቅረብ። እዚያም ሰሚ ከጠፋ፣ የሐኪሞችን የሥራ ፈቃድ ለሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ይጻፍ። ሲጻፍ ሐሜትና ስድብ አይገባም። ቀኑ፣ ሰዓቱና በዓይን የታየው ነገር ይበቃል።

ይህ በወሬ ቀላል ነው። በሥራ ግን ያስፈራል። በአሜሪካ አገር የሆነውን እንንገራችሁ። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በቴክሳስ ግዛት ከርሚት የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። አን ሚቸልና ቪኪሊን ጋሌ የሚባሉ ሁለት ነርሶች በከተማዋ ሐኪም ቤት ከ20 ዓመት በላይ ሠርተዋል። የአንድ ዶክተር አሠራር አሳሰባቸው። ለምሳሌ፣ በአንድ ሰው ጣት ላይ የጎማ ቁራጭ ሰፍቶ ነበር። ነርሶቹ በመጀመሪያ ለሐኪም ቤቱ ኃላፊዎች ተናገሩ። መፍትሔ ሲያጡ በ2009 ለቴክሳስ የሕክምና ቦርድ ደብዳቤ ጻፉ። የሕመምተኞቹን የካርድ ቁጥር እንጂ ስማቸውን አልጠቀሱም። የራሳቸውንም ስም አልጻፉም።

ዶክተሩ ይህን ሲሰማ ለወዳጁ ለአውራጃው የፖሊስ አዛዥ አቤት አለ። አዛዡ የነርሶቹን ኮምፒዩተር አስፈትሾ ደብዳቤውን አገኘ። ሁለቱም ከሥራ ተባረሩ። «በሥራ ያገኛችሁትን ምሥጢር አውጥታችኋል» ተብለውም ተከሰሱ። ክሱ እስከ 10 ዓመት የሚያሳስር ነበር።

የጋሌ ክስ ችሎቱ ሳይጀመር ተሰረዘ። ሚቸል ግን በ2010 ፍርድ ቤት ቀረበች። ለፍርድ የተመረጡት የአገሬው ሰዎች አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ «ጥፋት የለባትም» አሉ። በዚያው ዓመት ለሁለቱ ነርሶች 750,000 ዶላር ካሣ እንዲከፈል ተስማሙ። በ2011 ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። የፖሊስ አዛዡ ተፈረደበት። ዶክተሩም ጥፋቱን አምኖ የሥራ ፈቃዱን አስረከበ። ቴክሳስም እንዲህ ያሉ ነርሶችን የሚጠብቀውን ሕግ አጠናከረች።

ይህ ለእኛ ምን ይጠቅመናል? ነርስ ዶክተሩን ስትጠይቅ ብታዩ «ናቀችው» አትበሉ። የምትጠይቀው ስለ እናንተ ነው። እናንተም ጠይቁ። «ይህ መድኃኒት ለምንድን ነው? በቀን ስንቴ ይወሰዳል?» በሉ። ከዚህ በፊት የጎዳችሁ መድኃኒት ካለ አትደብቁ። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ?

ደግሞም አሁን መጻፍ ችላችኋል። ሰው ስታስታምሙ የተሰጠውን መድኃኒትና ቀኑን በደብተር ያዙ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።

የመወያያ ጥያቄዎች
1. ነርሷ መጀመሪያ የምትናገረው ለማን ነው? ለምን?
2. ነርሶቹ የሕመምተኞቹን ስም ለምን አልጻፉም?
3. ሐኪም ቤት ስትሄዱ ምን ምን ትጠይቃላችሁ? በደብተራችሁ ጻፉ።