ትክክለኛነትን በኪሎ መሸጥ ይብቃ

መርካቶ ምናለሽ ተራ የገባ አሮጌ ፕሪንተር ዋጋው የሚወጣለት በሚዛን ነው። ፕላስቲኩ ለብቻ፣ ብረቱ ለብቻ፣ መዳቡ ለብቻ ተለይቶ በኪሎ ይሸጣል። ሚዛኑ የማያውቀው አንድ ነገር ግን አለ፤ በፕሪንተሩ ሆድ ውስጥ ያለው ትክክለኛነት።

በየቢሮው ሲንጫጫ የኖረውን ዶት ማትሪክስ ፕሪንተር እንውሰድ። የማተሚያ ራሱን በቀጥታ መስመር የሚያመላልሰው የለሰለሰ የብረት ዘንግና ስቴፐር ሞተር ነው። ስቴፐር እንደ ተራ ሞተር ዝም ብሎ አይሽከረከርም፤ የሚዞረው በእርምጃ ነው። በብዛት የሚታወቀው ዓይነት አንዱን ዙር በ200 እርምጃ ይጨርሳል። በአንድ ዙር 8 ሚሊ ሜትር ከሚገፋ ጥርሳም ዘንግ ጋር ቢገጠም፣ አንዷ እርምጃ 0.04 ሚሊ ሜትር ትሆናለች።

ሲኤንሲ የሚባለው በኮምፒውተር ትእዛዝ የሚቆርጥና የሚቀርጽ ማሽን መሠረቱ ይኸው ነው። ሦስት አቅጣጫ፣ ለእያንዳንዱ ሞተርና ዘንግ፣ ከአርኤችኤስ (ባለ አራት ማዕዘን ቱቦ) ብረት የተበየደ ጠንካራ አካል፣ አንድ አነስተኛ የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ። ትእዛዙን ወደ እንቅስቃሴ የሚቀይረው ጂአርቢኤል የተባለ ፕሮግራም በነጻ ይገኛል። ከውጭ መግዛት ግድ የሚሆነው ሰሌዳው፣ የሞተር ማንቀሳቀሻዎቹና የመቁረጫ ጥርሶቹ ናቸው።

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከውጭ የሚገዛውን የመቀነሱ ስሌት ክብደቱ ጨምሯል። የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ በተለቀቀበት ዕለት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ወደ 74 ብር ተሻገረ፤ በሳምንታት ውስጥም ከ100 ብር አለፈ። የሚገባ ማሽን ሁሉ በብር ሲቆጠር ተወደደ ማለት ነው። አገር ውስጥ ያለ የሚሠራ ሞተር ደግሞ በዚያው ልክ ውድ ሀብት ሆነ።

ታዲያ ለምን በኪሎ ይሸጣል? መልሱን የምጣኔ ሀብት ሊቁ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ሰጥቷል። ስላገለገሉ መኪኖች ገበያ ሲያስረዳ፣ ገዢው ደህናውን ከተበላሸው መለየት ካልቻለ ለደህናውም ሙሉ ዋጋውን እንደማይከፍል አሳየ። ምናለሽ ተራም እንዲሁ ነው። ክብደት በሚዛን ይረጋገጣል፤ ሞተሩ መሥራቱ ግን በዓይን አይታይም። ስለዚህ ገበያው ማረጋገጥ ለሚችለው ለክብደቱ ብቻ ይከፍላል።

መፍትሔውም ከዚሁ ይመነጫል። ሞተሩን ሞክሮ፣ ዘንጉን ለክቶ፣ ኩሽኔታውን አጥቦ «ይሠራል፤ ካልሠራ መልስልኝ» ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ በኪሎ ዋጋና በአዲስ ዕቃ ዋጋ መካከል ካለው ልዩነት ያተርፋል። ይህ ትርፍ እውነተኛ እሴት ነው፤ ከመረጃ የተፈጠረ።

ልኩን ማወቅም ተገቢ ነው። እንዲህ ያለ ማሽን እንጨት፣ ፕላስቲክና አክሪሊክ ይቀርጻል፤ የአካሉ ጥንካሬ ስለማይበቃ ግን ብረት ለመቁረጥ የፍሬዛ ማሽንን ቦታ አይተካም። የሠሪው ጊዜም ወጪ ነው፤ ለወራት የደከመበትን ጉልበት «በነጻ» ብሎ መቁጠር ሒሳብን ማሳሳት ነው። ሆኖም ሠርቶ የጨረሰ ወጣት ማሽኑ ሲበላሽ መጠገን ያውቃል። የጥገና ዕውቀት በሌለበት አገር ውድ ማሽን በአንድ መለዋወጫ እጦት ተሸፍኖ እንደሚቀመጥ ሁላችንም አይተናል።

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ባንኮች አሮጌ ፕሪንተሮችንና ፎቶ ኮፒ ማሽኖችን በጅምላ በጨረታ ሲያስወግዱ፣ ዕቃው ቁርጥራጭ ብረት ከመሆኑ በፊት በየአቅራቢያቸው ያሉ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች እንዲፈቱት ዕድል ይስጡ። ብረቱ ተመዝኖ ለመሸጥ ኋላም ይደርሳል። ሞተሩና ዘንጉ ግን አንዴ ከቀለጡ አይመለሱም።