በሩቅ መንገድ ስንቅንና መጠጥን አቀዝቅዞ ስለ መያዝ

ከደሴ ማልዶ ተነሥቶ በኮምቦልቻና በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ የሚወርድ መንገደኛ፥ በአንድ ቀን ውስጥ ከደጋ ወጥቶ በረሃ ይገባል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ያህል ከፍታ አላት፤ ኮምቦልቻ 1850 ሜትር ያህል፤ ሚሌ ግን 500 ሜትር ገደማ ናት። ሰው 1000 ሜትር በወረደ ቁጥር አየሩ 6 ዲግሪ ያህል እየሞቀ ስለሚሄድ፥ በደሴ ብርድ የታሰረው ስንቅ የሚፈታው በሌላ አየር ውስጥ ነው። ወደ አዲስ አበባ የሚሄደውም ቢሆን፥ መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ ጣርማ በርን ወጥቶ ብርድ ከማግኘቱ በፊት የከሚሴንና የሸዋ ሮቢትን ሙቀት ማቋረጥ ግድ ይሆንበታል። በዚህ መካከል የተበላሸ ምግብ ይልቁንም ሕፃናትንና ሽማግሌዎችን በመንገድ ላይ ስለሚጥል፥ መምህራን ለተማሪዎቻቸው፥ ሽማግሌዎችም ለቤተ ሰቦቻቸው እንዲያስረዱ ነገሩን እንደሚከተለው ጽፈናል።

ምግብ ስለ ምን ይበላሻል ቢሉ፤ ባክቴሪያ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ተሕዋስያን በውስጡ ስለሚራቡ ነው። እነዚህም ከ5 ዲግሪ በታች በሆነ ብርድ እርባታቸው እጅግ ይዘገያል፤ ከ60 ዲግሪ በላይ በሆነ ትኩሳት ሊራቡ አይችሉም፤ በመካከሉ ለብ ባለው ሙቀት ግን ይበዛሉ። ከሚመቻቸው ሙቀት ላይ ሲደርሱ አንዳንዶቹ በየ20 ደቂቃው እጥፍ ይሆናሉ። መምህሩ ይህን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ቢያሳስበው መልካም ነው፤ ከ1 ተነሥቶ በየ20 ደቂቃው እጥፍ የሆነ ቍጥር በ4 ሰዓት ጊዜ ውስጥ 4096 ይደርሳልና። ስለዚህ የበሰለ ሥጋ፥ ወጥና ወተት ለብ ባለ ሙቀት ከ2 ሰዓት የበለጠ ሊቆይ አይገባም፤ አየሩ ከ32 ዲግሪ በላይ የሞቀ እንደ ሆነ ደግሞ ከ1 ሰዓት የበለጠ አይቆይ። ከቆየ በኋላ እንደገና አፍልቶ መብላትም ሁልጊዜ አያድንም፤ አንዳንዶቹ ተሕዋስያን የሚተዉት መርዝ በመፍላት አይጠፋም።

እዚህ ላይ ስለምንወደው አገልግል ሳንናገር ማለፍ አይቻልም። በሌሊት ተሠርቶ በአገልግል የታሰረ ዶሮ ወጥ፥ መኪናው ከሚሴን ሲያልፍ አልቀዘቀዘም፥ ትኩስም አይደለም፤ ተሕዋስያኑ በሚወዱት ለብታ ላይ ነው። ጥፋቱ ግን የአገልግሉ አይደለም። አገልግል ብርድንም ሙቀትንም አይፈጥርም፤ የተሰጠውን ይጠብቃል እንጂ። ስለዚህ ወጡን እንደሚፋጅ አስሮ ቶሎ መብላት፥ ወይም አስቀድሞ በማቀዝቀዣ ፈጽሞ አብርዶ ከበረዶ ጋራ ማሰር ነው። በመካከሉ ያለው መንገድ ለበሽታ የተከፈተ ነው።

የአባቶቻችን ስንቅ ከዚህ ሁሉ ድካም ነጻ ነበር። ቆሎ፥ በሶ፥ ዳቦ ቆሎ፥ ድርቆሽና ቋንጣ ውኃቸው ስለ ተወሰደ ተሕዋስያን አይራቡባቸውም። በሶ የሚበጠበጠው በሚጠጣበት ሰዓት ብቻ መሆኑም ትልቅ ጥበብ አለው። በእኛ አሳብ፥ ብርድ የሚሻውን ስንቅ ማሳነስ ከማናቸውም ማቀዝቀዣ ይበልጣል።

መጠጥ ውኃን ለማቀዝቀዝ ደግሞ ጥበቡን ከሩቅ መፈለግ አያስፈልግም። በእንስራ ያደረ ውኃ የሚቀዘቅዘው ስለ ምንድር ነው? ሸክላው እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስላሉት ውኃው ወደ ውጭ ያልበዋል፤ ላቡም ተንኖ ሲሄድ ሙቀትን ከእንስራውና በውስጡ ከቀረው ውኃ ይወስዳል። ያላበው ሰው ነፋስ ሲነካው የሚበርደው በዚሁ ምክንያት ነው። በዚህ አኳኋን የሚወሰደው ሙቀት ብዙ ነው፤ 1 ኪሎ ውኃ ሲተን የሚወስደው ሙቀት 58 ኪሎ ውኃን በ10 ዲግሪ ለማቀዝቀዝ የሚበቃ ነው። በሥራ ግን ከዙሪያው አየር ሌላ ሙቀት ስለሚገባ ይህን ያህል አይገኝም።

እንስራ ለመኪና አይመችም። ነገር ግን የወታደር ኮዳ በጨርቅ የሚለበጠው በከንቱ አይደለም፤ ጨርቁ ሲርስ ለቆርቆሮው እንደ ሸክላ ላብ ይሆንለታል። ጠርሙስንም በወፍራም የጥጥ ጨርቅ ጠቅልሎ፥ ጨርቁን አርሶ፥ ከፀሐይ ከልሎ ነፋስ በሚያገኘው ስፍራ ማንጠልጠል ይበቃል። በብዙ የበረሃ አገሮች ሾፌሮች የሸራ ከረጢት ውኃ ሞልተው ከመኪናቸው ፊት ያንጠለጥሉ ነበር፤ ሸራው እያላበ ነፋሱ ያቀዘቅዘዋል። በናይጄሪያም መሐመድ ባህ አባ የተባለ መምህር አንዱን ሸክላ በሌላው ውስጥ አስቀምጦ፥ በመካከሉ እርጥብ አሸዋ ጨምሮ አትክልትን የሚያቆይበትን ዘዴ ስላስፋፋ በ2000 እ.ኤ.አ. የሮሌክስን ሽልማት አግኝቷል።

የሚስቱት ሦስት ነገር አለ። እርጥቡን ጠርሙስ በላስቲክ ከረጢት የሚዘጋ ሰው ትነቱን ስለሚከለክለው ምንም አያገኝም። ደግሞ አየሩ ደረቅ በሆነ መጠን ዘዴው ይበረታል፤ በደረቁ ወራት ከባቲ ቁልቁል ሲወርዱ እጅግ ይረዳል፥ በነሐሴ ዝናም በኮምቦልቻ ግን ጥቅሙ ትንሽ ነው። ሦስተኛው ዋና ነው፤ በዚህ ዘዴ ውኃ ለመጠጥ ደስ እንዲያሰኝ ይቀዘቅዛል እንጂ 5 ዲግሪ አይደርስም። ስለዚህ ሥጋና ወተት በእርጥብ ጨርቅ አይታመኑም። መምህሩ ሁለት እኩል ጠርሙሶችን አንድ ውኃ ሞልቶ፥ አንዱን ብቻ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ፥ ከዛፍ ጥላ ሥር ቢሰቅላቸው፥ ተማሪዎቹ ከአንድ ሰዓት በኋላ ልዩነቱን በእጃቸው ያውቁታል።

ሥጋና ወተት ለመያዝ የግድ የሆነበት ሰው በረዶ ያስፈልገዋል። 1 ኪሎ በረዶ ሲቀልጥ 8 ኪሎ ውኃን በ10 ዲግሪ የሚያቀዝቅዝ ሙቀት ይወስዳል። ትልቅ ድፍን ከተሰባበረው ይልቅ ዘግይቶ ስለሚቀልጥ፥ በላስቲክ ጠርሙስ ውኃን አርግቶ ማሰር ይሻላል፤ ሲቀልጥም ይጠጣል። ጠርሙሱ ሲረጋ እንዳይፈነዳ አፉ ድረስ አይሞላ። ብርድ አየር ወደ ታች ስለሚወርድ በረዶው ከምግቡ በላይ ይቀመጥ። በመንገድ የሚገዛ በረዶ ግን ከምን ውኃ እንደ ተሠራ ሳይታወቅ በመጠጥ ውስጥ አይጨመር፤ መርጋት ተሕዋስያንን ያደነዝዛል እንጂ ሁሉን አይገድልም። ፔርሙዝ የሚባለው፥ ጀምስ ዲዋር የተባለው የስኮትላንድ ሊቅ በ1892 እ.ኤ.አ. ያገኘው፥ ድርብ ግድግዳ ኖሮት በመካከሉ አየር የወጣለት ዕቃ፥ ሻይን እንደሚያሞቅ ብርድንም እንዲሁ ይጠብቃል።

ከምግብ ይልቅ መጠንቀቅ የሚገባው ለመድኃኒት ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በሳጥን ይዘው የሚዞሩት ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ብርድ መቆየት አለበት። ከክትባቱም አንዳንዱ ቢረጋ ይበላሻልና፥ በረዶው ከማቀዝቀዣ እንደ ወጣ ወዲያው አይታሰርም፤ ሲነቀንቁት ውኃ በውስጡ እስኪሰማ ድረስ ይጠበቃል። የስኳር በሽታ ያለበትም መንገደኛ የሚወጋው ኢንሱሊን እንዲሁ ነው፤ ከረጋ አይሠራም፥ ከሞቀም ኃይሉ ይደክማል። ብልቃጡ ሳይከፈት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል፤ ከተከፈተ በኋላ ግን አብዛኛው ዓይነት ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ በታች እስከ 4 ሳምንት ስለሚቆይ፥ በብልቃጡ ወረቀት ላይ የተጻፈውን መመልከት ነው። ስለዚህ በረዶ ሳይነካው፥ በደረቅ ከረጢት ተጠቅልሎ፥ በእርጥብ ጨርቅ ውስጥ ገብቶ ከመንገደኛው ጋራ ይቀመጥ፤ በመኪናው ጣራ ላይ ከጓዙ ጋራ አይጫን፥ ፀሐይ በሚያገኘው መስተዋት ሥርም አይተው።