ያልተጨረሰው ዳንቴል ማንን ይጠብቃል?

በብዙ ቤት ውስጥ ማንም የማይነካው አንድ ፌስታል አለ። ከቁም ሳጥኑ ጫፍ ላይ ወይም ከአልጋ ሥር ይቀመጣል። ውስጡ ግማሽ የደረሰ ዳንቴል፣ አንድ አበባ ብቻ የተጠለፈበት የትራስ ልብስ፣ አንድ እጅጌ የቀረው የሕፃን ሹራብ፣ አንዳንዴም ወስፌው እንደተሰካበት የደረቀ የመሶብ ጅምር ይገኛል። ባለቤቷ ለበዓል ቤት ስታጸዳ ታወጣዋለች፣ አቧራውን ታራግፋለች፣ «ይኼን እንኳ ዘንድሮ እጨርሰዋለሁ» ትላለች፤ ከዚያ መልሳ ታስቀምጠዋለች።

በእኛ ቤት ፌስታል ሳይሆን ሻንጣ ነበር፤ የእናቴም የእኔም ጅምር አንድ ላይ የተከማቸበት። ባለፈው ዓመት ከግቢ ቤት ወደ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ስንዛወር ዕቃ መቀነስ ግድ ሆነ። አልጋ ሥር እንኳ የእህል ማስቀመጫ ሆኗል። «ይኼ ሻንጣ ይጣል» ያለ ሰው ነበር። ማን እንደሆነ አልናገርም፤ ዛሬም አብረን ነው የምንኖረው።

ከመጣሉ በፊት አንድ ቅዳሜ ሁሉንም አልጋ ላይ ዘረጋሁት። 11 ዳንቴል፣ 5 ጥልፍ፣ 2 ሹራብ፣ አንድ የስፌት ጅምር፤ በድምሩ 19። ሰው ሲጠይቀኝ «ትንሽ ጅምር አለኝ» እል ነበርና ቁጥሩን ሳይ ገረመኝ። ጅምር ያለባችሁ ሁሉ መጀመሪያ ቁጠሩ እላለሁ። ተጠቅልሎ ሲቀመጥ አንድ ክምር ሆኖ ያስፈራል፤ ሲዘረጋ ግን እያንዳንዱ ለብቻው አንድ ነገር ነው። አንዱ የሁለት ማታ ሥራ ይቀረዋል፣ ሌላው የስድስት ወር።

ሴት የጀመረችውን ካልጨረሰች ስንፍና ነው የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ሥራ የሚቆምበት ምክንያት ብዙውን ጊዜ ከእጅ ውጪ ነው። ልጅ ይወለዳል። ክሩ ያልቅና መርካቶ ተወርዶ ያው ቀለም ይጠፋል። ደግሞ ማንም የማያወራው አንድ ምክንያት አለ፤ ዓይን። ከ40 ዓመት ዕድሜ በኋላ ቅርብ ያለን ነገር አጥርቶ የማየት አቅም በሁላችንም ላይ ይቀንሳል። ብዙ ሴቶች ያኔ «እጄ ሰነፈ፣ ትዕግሥቴ አለቀ» ብለው ኪሮሻቸውን ያስቀምጣሉ። የጎደላቸው ግን የንባብ መነጽር ነው። እኔ መነጽር ካደረግሁ በኋላ በአንድ ወር ሦስት ጅምር ጨርሻለሁ። ነጭ ክር የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ጭናችሁ ላይ ጥቁር ጨርቅ አንጥፉ፤ ቀዳዳው ጥርት ብሎ ይታያል።

ከዘረጋሁ በኋላ ለእያንዳንዱ የጠየቅሁት ጥያቄ «ምን ያህል ይቀረዋል?» የሚል አልነበረም። «ለማን ነው የተጀመረው?» የሚል ነበር። የእጅ ሥራ ዝም ብሎ አይጀመርም። ለሚወለድ ልጅ፣ ለምትዳር እህት፣ ለአዲስ ቤት ወይም ለዕቃ ተብሎ ነው። የሚጠብቀው ሰው ወይም ዕቃ ካሁን በኋላ ከሌለ ጅምሩን መጨረስ በራሱ ግዴታ አይደለም።

ለምሳሌ ከ11ዱ ዳንቴሎች ሁለቱ የቴሌቪዥን ልብስ ነበሩ። ያ ጀርባው የተነፋው ቴሌቪዥን በነበረበት ዘመን አናቱ ላይ ዳንቴል ይነጠፍ፣ ከላዩ አርቲፊሻል አበባ ይቀመጥ ነበር። አሁን ቴሌቪዥኑ ቀጥኖ ግድግዳ ላይ ወጣ፤ ዳንቴሉ የሚያርፍበት ቦታ ጠፋ። ይህን ማን ብሎ ይጨርሰዋል? አንዱን ጠርዙን ዘግቼ የዳቦ መሸፈኛ አደረግሁት። ሌላውን ተረተርኩት።

መተርተር ብዙ ሰው ይፈራል። እናቴም ስትሰማ ፊቷን አዞረች። «ስንት ማታ የተቀመጥኩበት ነው» አለች። እውነቷን ነው። ነገር ግን የኪሮሽ ሥራ አንድ ቸርነት አለው፤ ከመጨረሻዋ ቀለበት ሲሳብ እስከ መጀመሪያው ድረስ ይፈታል፣ ክሩም አይጠፋም። የተተረተረው ክር እንደ ፀጉር ስለሚንጨባረር እንዲሁ ቢሠሩበት አያምርም። በወንበር መደገፊያ ዙሪያ ጠምጥሙት፣ ሦስት አራት ቦታ ላይ በቁራጭ ክር ላላ አድርጋችሁ እሰሩት፣ ለብ ባለ የሳሙና ውሃ እጠቡት፣ ከዚያ ከታች ቀላል ነገር አንጠልጥላችሁ ጥላ ላይ አድርቁት። ቀጥ ብሎ ይመለሳል። በዚህ ዓይነት ከአራት ጅምሮች ያገኘሁት ክር ሌሎች ሁለት ለመጨረስ በቃኝ፤ ገበያ አልወጣሁም።

ክር መግዛት ካለባችሁ ግን ቁራጩን ይዛችሁ ሂዱ። የዳንቴል ክር ቁጥር ሲጨምር ክሩ ይቀጥናል፤ 10 ቁጥር ከ20 ይወፍራል። ወረቀቱ ላይ ከቀለሙ ቁጥር ሌላ በአንድ ዙር አብሮ የተነከረበት ቁጥር የሚጻፍባቸውም አሉ። ሁለት ጥቅል አንድ ዓይነት ቀይ መስሎ በተለያየ ዙር የተነከረ ከሆነ ሲሠራ መስመር ይሠራል። ነጭ እንኳ ከነጭ ይለያል፤ አሥር ዓመት የተቀመጠው ወደ ቢጫ ይሄዳል። ስለዚህ አሮጌውን አጥባችሁ አድርቁና ከዚያ ከአዲሱ ጋር አስተያዩት። ሥራ ስታቆሙም ኪሮሹን ነቅላችሁ ለሌላ ሥራ አትውሰዱት። መውሰድ ካለባችሁ ቁጥሩን በወረቀት ጽፋችሁ ክሩ ውስጥ ሰክታችሁ ተዉ። ከዓመት በኋላ በየትኛው ኪሮሽ እንደተጀመረ ማስታወስ አይቻልም።

ጥልፉ ሌላ ነው። ጥልፍ ሲፈታ ጨርቁ ላይ የመርፌ ቀዳዳ ይቀራል፤ ታጥቦ በጋለ ካውያ ቢተኮስ ይቀንሳል እንጂ ሁልጊዜ ፈጽሞ አይጠፋም። ስለዚህ አምስቱን ጥልፍ አልፈታሁም። የተጠለፈውን ብቻ ቆርጬ፣ ቁራጮቹን ከሌላ ጨርቅ ጋር ገጣጥሜ ሁለት የትራስ ልብስ አወጣሁ። ልጄ አይታ «ድሪቶ!» ብላ ሳቀች።

ድሪቶ በእኛ ቋንቋ የድህነት ቃል ነው፤ ሲጣፍ የኖረ ልብስ ማለታችን ነው። አሜሪካኖች ግን ቁርጥራጭ ጨርቅ እየገጣጠሙ የአልጋ ልብስ መሥራትን ትልቅ ሙያ አድርገውታል። ያልጨረሱትን ክምርም «ዩ.ኤፍ.ኦ» ይሉታል፤ ቃሉ ማንነቱ ላልታወቀ በራሪ አካል የሚሰጥ ስም ነው፤ እነሱ ግን «ያልተጨረሱ ነገሮች» ለማለት ይቀልዱበታል። በአላባማ ግዛት ጊስ ቤንድ በሚባል ስፍራ የሚኖሩ ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ብርድ ለመከላከል ብለው ካረጀ የሥራ ልብስ የሰፉት ድሪቶ እ.ኤ.አ. በ2002 በሂዩስተን፣ ቀጥሎም በኒው ዮርክ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። በ2006 ደግሞ የአገሪቱ ፖስታ በቴምብር አትሞታል። ይህን ለልጄ ነገርኳት። ከዚያ ወዲህ አንደኛው ትራስ የሷ ነው።

የስፌቱ ጅምር የአያቴ ነበር። ስፌት አይተረተርም፤ የደረቀ ስንደዶና አክርማ ቢፈታ ይሰባበራል። ለመቀጠል ከተፈለገ ግን እርጥብ ጨርቅ ሸፍኖ ጥቂት ማቆየት ነው፤ ይለሰልሳል፣ ወስፌም ይገባል። መልካሙ ነገር ስፌት ከመሐል ተነሥቶ እየዞረ ስለሚሰፋ የትም ቦታ ላይ ሊዘጋ ይችላል። መሶብ እንዲሆን የታሰበው ሰፌድ ሆኖ ያልቃል። አንዲት ስፌት የምታውቅ ጎረቤቴ በአንድ ከሰዓት በኋላ ጠርዙን ዘጋችልኝ። የጥንቱ አለላ ደብዝዟል፣ የሷ ደማቅ ነው፤ ልዩነቱ ይታያል። እኔ እንዲታይ እወዳለሁ።

ከ19ኙ 18ቱ እንዲህ እንዲህ እያሉ መልክ ያዙ። የቀረው አንዱ ነበር። እኔም እናቴም ሳንነጋገር ወደ ኋላ የገፋነው እሱን ነው።

የአልጋ ልብስ ነው። እናቴ ለታናሽ እህቴ ሰርግ የጀመረችው፣ በአራት ማዕዘን አበባ የሚገጣጠም ዳንቴል። እያንዳንዱ አበባ በየጎኑ 20 ሳንቲ ሜትር ነው። አልጋው 2 ሜትር ከ20 በ2 ሜትር ከ40 እንዲሸፈን 11 በ12፣ 132 አበባ ያስፈልግ ነበር። ሰርጉ ቀረ። እህቴ ወደ ቤይሩት ሄደች፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እናቴ 74ኛው አበባ ላይ አቆመች።

አሁን ደግሞ ልትጨርስ ብትፈልግም አትችልም። የዓይን ሞራ ቢሆን ኖሮ በቀዶ ሕክምና ይነሣላት ነበር። የእሷ ግን ግላኮማ ነው። በጠብታ የሚደረገው ሕክምና ያለው እንዳይጠፋ ነው እንጂ የጠፋውን እይታ አይመልስም። ስለዚህ ወይ እኔ መጨረስ አለብኝ ወይ መተው። ቀሪው 58 ነው። እናቴ በደህና ጊዜዋ በሁለት ማታ አንድ ታወጣ ነበር፤ እኔ ሦስት ማታ ይፈጅብኛል። ያ 174 ማታ ነው፤ መብራት የሚጠፋበት ሳይቆጠር።

ሞክሬ አንድ ሠራሁ። ከእናቴ አበባ አጠገብ ሳስቀምጠው በጣት ስፋት በልጦ ተገኘ። እሷ ክሩን ጠበቅ አድርጋ ነው የምትሠራው፣ እኔ ላላ አድርጌ። የሁለት ሰው እጅ አንድ ሥራ ላይ ሲገናኝ ሁልጊዜ የሚያስቸግረው ይህ ነው። መፍትሔው ክሩን አስጨንቆ መያዝ ሳይሆን ኪሮሹን በአንድ ቁጥር ማሳነስ ነው። በቀጭኑ ስሠራ ተስተካከለ።

ግን ጥያቄው ይቀራል፤ ለማን? ሰርግ የለም። እህቴ ስትደውል ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌ እናቴ ባለችበት ጠየቅኋት።

«የአልጋ ልብስሽን ልንጨርሰው ነው፤ ትፈልጊዋለሽ?»

ዝም አለች። ከዚያ «እኔ ምን አልጋ አለኝ? የምተኛበት እኮ የሰዎቹ ነው» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «አንድ ሰው የምትችል ጠባብ አልጋ ናት። ለእሷ የሚሆን ካለ ግን ላኩልኝ» አለች።

እናቴ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። «ስንዝሪያት» ብቻ አለቻት።

«ምን?»

«አልጋዋን ነዋ! ወርዷ ስንት ስንዝር ነው?»

አምስት ስንዝር ሆነ። እናቴ በጣቷ አስልታ «ሰባት በወርዱ፣ አሥር በቁመቱ» አለች። 70 አበባ። 1 ሜትር ከ40 በ2 ሜትር፤ ከአልጋዋ ግራና ቀኝ ትንሽ ይወርዳል። 74 አለን። ዘጠኝ ዓመት «58 ይቀረዋል» ሲባል የኖረው ሥራ አራት ተርፎት አደረ።

አሁን የምሠራው መግጠሙን ነው። መጀመሪያ ሁሉንም አጥቤ፣ እርጥብ ሳሉ ፎጣ ላይ በስፒል ወጥሬ እኩል ልክ አስያዝኳቸው። ያም ሆኖ የእናቴ አበቦች ሁሉም እኩል አይደሉም። እሷ እየዳሰሰች ትለያቸዋለች፤ ፊቱን ከጀርባው፣ የጠበቀውን ከላላው። ልከኞቹን በአንድ ረድፍ ትደረድርልኛለች፣ እኔ እገጥማለሁ። አንዳንዱን ስትዳስስ «ይኼን የሠራሁት እሷ ፓስፖርት ልታወጣ የሄደች ቀን ነው» ትለኛለች። በምን እንዳወቀች ስጠይቃት «ክሩን አጥብቄዋለሁ» ትላለች።

እስካሁን አራት ረድፍ ተኩል ገጥመናል። ለገና የመጣች የሰፈር ልጅ ከጥምቀት በኋላ ወደ ቤይሩት ስለምትመለስ እስከዚያ ማድረስ አለብን። አራቱ ትርፍ አበቦች ለረከቦት ልብስ ይበቃሉ፤ እነሱን የምነካቸው ግን ይህኛው ሻንጣ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው።