የጨዋታ ዓለምና የችሎታ ዋጋ

ሰው ማናቸውንም ሙያ የሚያገኘው በመሥራት ነው። ጽሕፈትን የሚለምደው በመጻፍ፣ ፈረስ መጋለብንም የሚለምደው በመጋለብ ነው። ይህ ነገር በሁሉ ዘንድ የታወቀ ስለ ሆነ ማስረጃ አያሻውም። ዛሬ ግን ይህንኑ እውነት መሠረት አድርገው የተሠሩ የቪዲዮ ጨዋታዎች ወደ ብዙ ቤት ገብተዋል፤ ወጣቶችም ረጅም ሰዓት ያሳልፉባቸዋል። ከወላጆች አንዳንዶቹ ጨዋታውን ሳይመረምሩ ይከለክላሉ፤ አንዳንዶቹም ሳይመረምሩ ይፈቅዳሉ። ሁለቱም ወገኖች የሚፈርዱት በማያውቁት ነገር ላይ ስለ ሆነ፣ የነዚህን ጨዋታዎች አሠራር ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ ለማስረዳት አስበናል።

የምንናገርላቸው ጨዋታዎች ተጫዋቹ የአንድን ባለታሪክ ስፍራ ይዞ፣ በሰፊ አገር ውስጥ ወደ ወደደው አቅጣጫ የሚሄድባቸው ናቸው። ተራራው፣ ወንዙ፣ ከተማውና ገበያው ሁሉ በኮምፒዩተር የተሠራ ነው። ባለታሪኩ በመጀመሪያ ድኻና ደካማ ሆኖ ይነሣል፤ ኋላም ቀስ በቀስ ይበረታል። ስለዚህ የጨዋታው ሠሪዎች ሁለት ነገር መወሰን አለባቸው። አንደኛው፣ ባለታሪኩ ችሎታን የሚያገኘው በምን መንገድ ነው? ሁለተኛው፣ ዓለሙ ያን ችሎታ የሚፈትነው እንዴት ነው? እነዚህ ሁለቱ ካልተስማሙ ጨዋታው ምንም ያህል ቢያምር ጣዕም አይኖረውም።

በአሜሪካ አገር ቤተዝዳ የተባለው ድርጅት በአውሮፓ አቆጣጠር በ2002 ዓ.ም. ሞሮዊንድ የተባለውን ጨዋታ አወጣ። በዚህ ጨዋታ 27 ልዩ ልዩ ችሎታዎች አሉ፤ እያንዳንዱም በሥራ ላይ ሲውል ያድጋል። በሰይፍ የሚመታ በሰይፍ ይበረታል፤ የሚሮጥም በሩጫ ይበረታል። ከዚህ የሚበልጠው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም መንገድ የሚያሳይ ቀስት በጨዋታው ውስጥ አለመኖሩ ነው። መልእክት የሚሰጠው ሰው የመንገዱን ምልክት በቃል ይነግራል፤ ነገሩም በመዝገብ ላይ ይጻፋል፤ ከዚህ በኋላ ስፍራውን አስተውሎ የሚያገኘው ተጫዋቹ ራሱ ነው። እንዲህም በሆነ ጊዜ የባለታሪኩ ችሎታ ብቻ ሳይሆን የተጫዋቹም ማስተዋል አብሮ ያድጋል።

ይኸው ድርጅት በ2006 ዓ.ም. ኦብሊቪየን የተባለውን ባወጣ ጊዜ ግን ዓለሙን ከባለታሪኩ ጋራ አብሮ እንዲያድግ አደረገው። ባለታሪኩ አንድ ደረጃ ከፍ ሲል፣ በመንገድ የሚያገኛቸውም ጠላቶች ከፍ ይላሉ። አሳቡ ጨዋታው ከመጠን በላይ እንዳይከብድም እንዳይቀልም ነበር። ነገር ግን ውጤቱ ያልታሰበ ሆነ፤ ተጫዋቹ ብዙ ከደከመ በኋላ በመንገድ ዳር የሚዘርፈውን ተራ ሽፍታ ለመኳንንት እንኳ ውድ የሆነ ጥሩር ለብሶ አገኘው። ብዙዎችም በዚህ ነገር አጕረመረሙ፤ ማጕረምረማቸውም ተገቢ ነበር። ሰው በደከመ ቍጥር ሸክሙ በዚያው ልክ የሚጨመርበት ከሆነ፣ መበርታቱን በምን ያውቀዋል?

በ2011 ዓ.ም. የወጣው ስካይሪም ይህን ስሕተት በከፊል አረመ። በዚያ አገር ግዙፋን ሰዎች አሉ፤ ገና ጀማሪ የሆነ ሰው ሳያስብ ቢጠጋቸው በአንድ ምት ይገድሉታል፤ ከበረታ በኋላ ግን ያሸንፋቸዋል። ይሁን እንጂ ሌላ ጕድለት ተገኘበት። የብረት ሥራ ችሎታ ዕቃ በመሥራት የሚያድግ ስለ ነበረ፣ ተጫዋቾች ጥቂት ብረትና አንድ ጠፍር ብቻ የሚፈጀውን ተራ ጩቤ በብዛት እየሠሩ ታላላቅ ባለሙያዎች ሆኑ። በኋላም ሠሪዎቹ የችሎታው ዕድገት በተሠራው ዕቃ ዋጋ እንዲመዘን አድርገው ደንቡን አሻሻሉት። አንድን ቀላል ነገር መደጋገም ሁልጊዜ ሙያን እንደማያስገኝ ከዚህ እንረዳለን።

በጀርመን አገር በ2001 ዓ.ም. የተሠራው ጎቲክ የሚባለው ጨዋታ ደግሞ ሌላውን መንገድ ያሳያል። በዚህ ጨዋታ ችሎታ ያለ አስተማሪ አይገኝም፤ ባለታሪኩ ባለሙያውን ፈልጎ መማር አለበት። ሰይፍ ያልተማረ እንደ ሆነ፣ በአንድ እጅ የሚያዘውን ሰይፍ በሁለት እጁ ጨብጦ እንደ ዱላ ይወዘውዘዋል፤ ከተማረ በኋላ ግን አያያዙ ራሱ ተለውጦ ይታያል። በመንገድ የሚገኘው አውሬም ኀይሉ የተወሰነ ነው። ተጫዋቹ መጀመሪያ ከርሱ ሸሽቶ ያመልጣል፤ በኋላም ተመልሶ ያሸንፈዋል። አውሬው ያው ነው፤ የተለወጠው ሰውየው ነው።

ከሁሉም ይልቅ ልባችንን የነካው በቼክ አገር ተሠርቶ በ2018 ዓ.ም. የወጣው ኪንግደም ከም የተባለው ጨዋታ ነው። ታሪኩ በ1403 ዓ.ም. በቦሔምያ የሆነ ነው። ባለታሪኩ ሄንሪ የብረት ቀጥቃጭ ልጅ ነው፤ ፊደልም አልቈጠረም። መጽሐፍ ቢገልጥ ፊደሎቹ ተዘበራርቀው ይታዩታል፤ ተጫዋቹም ሊያነባቸው አይችልም። ወደ አንድ ጸሐፊ ሄዶ ገንዘብ ከፍሎ ከተማረ በኋላ ግን ቃሎቹ ጥቂት በጥቂት እየተስተካከሉ ይሄዳሉ። አለመማር ምን ያህል መጋረጃ እንደ ሆነ ለተማረ ልጅ በዚህ ዓይነት ማሳየት ታላቅ ብልኅነት ነው። ሆኖም ይህ ጨዋታ በአውሮፓ የዕድሜ መመደቢያ 18 ዓመት ለሞላቸው ብቻ የተመደበ መሆኑን ወላጆች እንዲያውቁት ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ይገባናል። ሄንሪ ማንበብን በጥቂት ቀን ይማራል፤ ልጃችን ግን በሄንሪ መማር አንዲት ፊደል አይጨምርም። የባለታሪኩ ችሎታ በመዝገብ የተጻፈ ቍጥር ነው። የልጁ ገንዘብ ሆኖ የሚቀረው፣ ካርታ መመልከትን፣ ከሚበረታበት ጠላት መራቅንና ተሸንፎ እንደ ገና መሞከርን የተማረ እንደ ሆነ ነው። ስለዚህ ወላጅ ከመቈጣቱ በፊት በልጁ አጠገብ ተቀምጦ፣ «ባለፈው ወር የማትችለው፣ ዛሬ ግን የምትችለው ምንድን ነው? የተማረውስ እርሱ ነው ወይስ አንተ?» ብሎ ቢጠይቅ መልካም ነው። ልጁ የሚመልሰው ካጣ፣ ጊዜውን ጩቤ በመደጋገም አሳልፎታል ማለት ነው።

ለኛም ለአሳዳጊዎች ከነዚህ ጨዋታዎች የምንማረው አለን። ልጅ በትምህርቱ በረታ ብለን በየቀኑ የባሰ ሸክም ብቻ ብንጭንበት፣ ሽፍታውን ውድ ጥሩር እንዳለበሱት ሠሪዎች መሆናችን ነው። አቀበቱንም ሁሉ ብንደለድልለት ወጣሁ የሚለው ተራራ አያገኝም። ትናንት ያስለቀሰውን ሥራ ዛሬ ተመልሶ በቀላሉ እንዲሠራው ጊዜ እንስጠው። የድካሙ ዋጋ የሚታየው ያን ጊዜ ነውና።